ሰው የማይኖርበት ቤት

ሚስራ የወንድሟን ድምፅ የሰማችው ጎንበስ ብላ የልጇን ጫማ ስታስር ነው። «እዚህ ውስጥ ሰው የለም» አለ ሙስጠፋ። «ዕቃ ነው። የሱቅ ዕቃ።»

ድምፁ የመጣው ከግድግዳው ማዶ ነው። ግድግዳው ላሜራ ስለሆነ ደጅ የቆመ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ እንኳ ይሰማል። ድምፁን የማታውቀው ሌላ ወንድ «ዕቃ ከሆነስ ግድ የለም» አለ። «ሰው ከሆነ ግን ይነሳል። ደንቡ ነው።» ሙስጠፋ «ዕቃ ነው ስልዎ» ብሎ ደገመለት፤ ደንበኛ ዋጋ ሲከራከረው እንደሚናገረው፣ በዝግታና ሳይቆጣ። ሰውየው በብዕር ይሁን በቁልፍ ላሜራውን ኳ ኳ አደረገው። ነጅሚያ ቀና ብላ እናቷን አየቻት። ስድስት ዓመቷ ነው፤ በጥቅምት የያዛት ሳል እስካሁን አልለቀቃትም፣ ጧት ጧት ደግሞ ይብስባታል። ደረቷ ሽቅብ ሲነሳ ሚስራ አየችና ሳታስበው በመዳፏ አፏን ከደነችው። ሳሉ እዚያው መዳፏ ውስጥ ታፍኖ ቀረ። የልጅቱ ዓይን እንባ አቀረረ። ደጅ ያሉት ስለ አጥሩና ስለ ጎርፍ መውረጃው ትንሽ ተነጋገሩ፤ ከዚያ የግቢው በር ሲዘጋ ተሰማ።

«እማ፣ ለምንድን ነው ዝም ያልነው?» አለች ነጅሚያ።

«ብርዱ ወደ ጉሮሮሽ እንዳይገባ ነው» አለቻት ሚስራ። የጫማውን ክር ፈትታ እንደገና አሰረችው።

ቤቱን ሰፈሩ ሁሉ «ኮንቴይነሩ» ይለዋል እንጂ ኮንቴይነር አይደለም። ፋንታው የሚባለው በያጅ በወርክሾፑ ውስጥ በልኳ የሠራላት፣ በአይሱዙ ተጭኖ መጥቶ በድንጋይ ላይ የተቀመጠ አንድ ክፍል ቤት ነው። ውስጡ በኮምፔርሳቶ ተለብዶ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ሁለት መስኮት አለው፤ በአንደኛው ሥር የስፌት መኪናዋ፣ በሌላኛው ሥር አልጋው። ከጅዳ ይዛው የመጣችው መጋረጃ ለመስኮቱ ስለረዘመባት ቆርጣ ለልጇ ቀሚስ አውጥታላታለች። የተሠራ ሰሞን ጎረቤት እየመጣ ጉድ ብሎ ነበር፤ በሩን እየከፈተ እየዘጋ «እንዲህ ያለ ቤት ደግሞ አለ ለካ!» እያለ። ክረምት ሲገባ ግን ጣሪያው ማላብ ጀመረ። ሌሊት ከጉና የሚወርደው ብርድ ላሜራውን እንደ በረዶ ያደርገዋል፤ የሁለት ሰው ትንፋሽ ሽቅብ ይወጣና ጎህ ሲቀድ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ሚስራ ከአልጋው በላይ ላስቲክ ወጠረች። ላስቲኩ ውኃውን ወደ እግርጌ ያወርደዋል፤ እግርጌ ደግሞ ጀሪካን አስቀምጣለች።

ቤቱ ያረፈበት ግቢ የአባቷ የኢድሪስ ግቢ ነው። አባቷ ካረፉ ወዲህ በዋናው ቤት ውስጥ ታላቅ ወንድሟ ሙስጠፋ ከሚስቱ ከዘይነብና ከአራት ልጆቹ ጋር ይኖራል። ሚስራ ልጇን ይዛ ከዐረብ አገር የተመለሰች ዕለት ሙስጠፋ አቅፏት አልቅሷል። «ግቢው ግቢሽ ነው» ነበር ያላት። ቤቱ ቤትሽ ነው አለማለቱን ያስተዋለችው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ለመናገር ረፍዶ ነበር። በእነሱ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይነሳም። አባታቸው «ዝም አይነቅዝም» ይሉ ነበር፤ ልጆቻቸውም ብዙ ነገር በዝምታ ሲያሳድሩ ኖረዋል።

ልጇን ይዛ ስትወጣ ዘይነብ የዋናው ቤት ደፍ ላይ ሳፋ ይዛ ቆማ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች፤ ፊቷ ላይ ያስታውቃል። «አደራችሁ?» አለቻቸው። «አልሐምዱሊላህ» አለች ሚስራ። ዘይነብ ሌላ ነገር ልትናገር አፏን ከፈት አደረገችና መልሳ ገጠመችው። የሳፋውን ውኃ ከሚደፋበት ራቅ አድርጋ ደፋችው። ሁለቱ አንድም ቀን ተጣልተው አያውቁም። ተጣልተው ቢሆን ይሻል ነበር ትላለች ሚስራ አንዳንዴ፤ የተጣላ ሰው ሲታረቅ ይነጋገራል።

ነጅሚያን ከትምህርት ቤቱ በር ካደረሰች በኋላ ወደ ቤት ተመልሳ መስፋት ነበረባት፤ የሰው ዩኒፎርም ተቆርጦ ይጠብቃታል። እግሯ ግን ወደዚያ አልሄደላትም። ኮብልስቶኑን ይዛ ሽቅብ ወጣች። ባጃጆቹ ጥሩምባ እየነፉ አልፈዋት ይሄዳሉ። «ዕቃ ነው» የምትለዋ ቃል ጆሮዋ ላይ ተጣብቃለች። ጅዳ ሳለች አሠሪዎቿ ያሳደሯት ማድ ቤት አጠገብ ካለ የሩዝና የዘይት ማስቀመጫ ውስጥ ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ በሩን ይዘጉባት ነበር። ያኔ አልከፋትም። የሰው አገር ነው፣ የሰው ቤት ነው ብላ ለራሷ ታወራ ነበር። አሁን ምን ብላ ታውራ?

የደረሰችው ማዘጋጃ ቤት ነው፤ የፕላን ክፍሉ ጠባብ ነው። ጠረጴዛው ላይ ዶሴ ተቆልሏል፤ ግድግዳው ላይ በቀለም የተከፋፈለ ትልቅ የከተማ ካርታ ተሰቅሏል። ከጠረጴዛው ኋላ ያለው ሰው ወጣት ነው፤ የሹራቡ ክርን ተበልቷል። «ምን ልርዳሽ እህቴ?» ሲላት ወዲያው አወቀችው። ጧት ግድግዳዋን ያንኳኳው ድምፅ ነው። ስሙ ዋልልኝ ነው፤ በሩ ላይ ተጽፏል።

«በላሜራ ቤት ሰው መኖር አይችልም ትላላችሁ አሉ» አለችው።

ዋልልኝ ተነሥቶ በብዕሩ ካርታው ላይ አንድ ቀላ ያለ ቦታ አሳያት። ከአስፋልቱ ጀምሮ እስከ ወንዙ ያለው ሰፈር ሁሉ ታቹ ሱቅ፣ ላዩ መኖሪያ የሆነ ፎቅ እንዲሠራበት የተመደበ ነው። የነበረ የጭቃ ቤት እስኪፈርስ ይቆያል። አዲስ የሚሠራ ግን መሠረት ያለው፣ በብሎኬት የቆመ፣ ከጎረቤት አጥር ራቅ ያለ መሆን አለበት። የላሜራ ነገር ለሱቅ፣ ለመጋዘን፣ ለጥበቃ ሲሆን በጊዜያዊነት ይፈቀዳል። ለመኖሪያ አይፈቀድም። ይህን ሁሉ ሲናገር አልተቆጣም፤ ብዙ ጊዜ ተናግሮት የሰለቸው ይመስላል።

«ሽንኩርት ሊያድርበት ይችላል ማለት ነው?»

«ይችላል።»

«ሰው ግን አይችልም።»

«አይችልም። የማን ቤት ነው ቆይ?»

«የኢድሪስ ግቢ ያለው። ጧት ያንኳኩት።»

ፊቱ ፈታ አለ። «እሱማ አልቋል። ባለ ግቢው ዕቃ ነው ብሎኛል።»

«እኔ ነኝ ዕቃው» አለች ሚስራ።

ዋልልኝ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አጋደመው። ወደ በሩ አየ፤ ኮሪደሩ ላይ ማንም የለም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንዳልሰማሁ ልሁንልሽ?» አላት። ደግነቱ ገብቷታል። ራሷን ብትነቀንቅ፣ አመስግና ብትወጣ ነገሩ እዚያው ይቀራል። ነገር ግን የልጇ የታፈነ ትንፋሽ ገና መዳፏ ላይ አለ።

«አይ፣ ይስሙኝ። ዛሬ አንድ ጊዜ የለችም ተብያለሁ፤ ይበቃኛል። እኔና ልጄ ነን ያለነው።»

ዋልልኝ ተቀመጠ። ከዚያ ባለፈው ክረምት ጓደኛው በሚሠራበት ከተማ የደረሰውን ነገራት። ባልና ሚስት እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ፣ ብርዱ ሲጠናባቸው፣ በር መስኮቱን ዘግተው ከሰል አንድደው ተኙ። በማግሥቱ በሩን የሰበረው የሰፈር ሰው ነው። «ደንቡን እኔ አላወጣሁትም» አለ፤ «ክፉ ነው ለማለት ግን አፌ አይደፍርም።» ሚስራ ዓይኗን ሰበረች። እሷም ልጇ ስትንቀጠቀጥባት ከሰሉን ታስገባለች፤ መስኮቱን ስንዝር ያህል ከፍታ፣ እንቅልፏን እየታገለች። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

«ታዲያ የት ልኑር?» አለችው።

«የቤት ማኅበር ነው። ተደራጅታችሁ፣ በዝግ ሒሳብ ቆጥባችሁ፣ ቦታ ሲመጣ ትደለደላላችሁ።»

«መቼ ይመጣል?»

«እሱን እኔም አላውቀውም።» ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን የደስታ አልነበረም። «እኔም ተመዝግቤ እየጠበቅሁ ነው። ተከራይቼ ነው የምኖረው፤ ዘንድሮ ሁለት ቤት ቀይሬአለሁ።» ከዚያ ሊያደርግላት የሚችለውን ነገራት። ዛሬ ቢጽፈው ወንድሟ በሐሰት መረጃ ይቀጣል፤ ስለዚህ አይጽፈውም። አርብ ግን ይመጣል። ያን ቀን ወይ ቤቱ ተነሥቶ፣ ወይ ሰዉ ወጥቶ ማየት አለበት። «ዕቃ ብቻ ካገኘሁበት የመጋዘን ፈቃድ በእጄ እጽፍላችኋለሁ» አለ። «ከዚህ በላይ አልችልም እህቴ።»

ከዚያ በጋፋት መንገድ ወዳለው ወደ ፋንታው ወርክሾፕ ወረደች። ፋንታው የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አዳመጣት። እንዲህ ያለ ቤት የሠራላቸው ሌሎች ሰዎችም እየመጡ ይህንኑ እንደሚነግሩት፣ ሥራውንም ሊተወው እንደሆነ አወራት። ቤቱን መልሶ ይገዛው እንደሆነ ስትጠይቀው ግን አፈረ፤ መሬት መሬት አየ። «እኔ ብገዛው በኪሎ ነው ሚስራ። እንደ ውራጅ ብረት። ሐሙሲት ያለ አንድ የሽንኩርት ነጋዴ ይፈልገዋል፤ እሱም መስኮቶቹን ድፈንልኝ ነው የሚለው።» ሚስራ እነዚያን መስኮቶች ያስከፈተችው አንዱን ለፀሐይ፣ አንዱን ለነፋስ አስባ ነበር። በኋላ እነግርሃለሁ ብላው ሄደች።

የሚከራይ ክፍል እንዳለ የነገራት እሱ ነው፤ ወይዘሮ ፈንታነሽ ግቢ። ወይዘሮ ፈንታነሽ የእናቷ ጎረቤት የነበሩ ናቸው፤ በሩን ሲከፍቱ ግራና ቀኝ ጉንጯን ሳሟት። ክፍሉ በግቢው ጥግ ያለ፣ አንድ አልጋ ገብቶ ሰው በጎን የሚያልፍበት የጭቃ ቤት ነው። አንድ ሺህ ሁለት መቶ፣ መብራት ለብቻ። ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፤ ካልመጣ ከቦኖ። «ብቻሽን ነሽ?» አሉ። ከልጄ ጋር አለች። «ልጅ…» አሉና ወደ ጓሯቸው አዩ፤ የተዘራ ጎመን አለ። የስፌት መኪና እንዳላት ስትነግራቸው መብራት ይበላል አሉ። በእግር የሚሠራ ነው አለቻቸው። «እሱስ ይጮኻል» አሉ ወይዘሮ ፈንታነሽ፤ ወዲያው ደግሞ ክንዷን ያዝ አደረጓት። «በሃይማኖትሽ አይደለም፤ ልጄ ትሙት! ከእናትሽ ጋር ስንት ዘመን እሳት ተጫጭረናል። አርጅቼ ነው፤ የሕፃን ድምፅ አልችልም። ደግሞስ የአባትሽ ቤት እያለ ምን ያንከራትትሻል?»

«ሞልቷል» አለች ሚስራ። «ወንድሜ ልጆች አሉት።»

«ሞልቷል? ኢድሪስ ይሰፉበት የነበረው ያ ክፍልስ? ጣውላ የተነጠፈበት፣ ፀሐይ የሚገባው?»

«የሱቅ ዕቃ አለበት» አለች። ይህን ስትል ቃሉ አፏ ውስጥ ደረቀ። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ያን ክፍል ረስታው አይደለም። ልጅ ሆና አባቷ እግር ሥር ቁራጭ ጨርቅ እየለቀመች ያደገችበት ነው። ስትመለስ በጆንያና በካርቶን ሞልቶ ስላገኘችው እንደ ሌላ ሰው ቤት ቆጠረችው እንጂ፣ አንድም ቀን «ይህስ?» አላለችም። ሙስጠፋም አላለም።

ቤት ስትደርስ ምሳ ቀርቧል። ሙስጠፋ ሱቁን ለጎረቤቱ አደራ ብሎ መጥቶ ነበር። ልጆቹ ከነጅሚያ ጋር ከትምህርት ቤት ተመልሰው፣ ቀድመው በልተው ጓሮ ይጫወታሉ። ሦስቱ በአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀመጡ፤ የምስር ወጥ ነው። ሙስጠፋ ስለ ዘይት ዋጋ አወራ፤ ከባሕር ዳር የሚያመጣለት ሾፌር በጀሪካን ሃያ ብር መጨመሩን፣ ሰዉም እየተመናጨቀ መሄዱን። ዘይነብ «ኧረ!» እያለች ታዳምጣለች። ሚስራ ሁለት ጊዜ ጎርሳ እጇን ሰበሰበች።

«ጋሼ፣ ጧት የመጣውን ሰው ቢሮው ሄጄ አገኘሁት» አለች። «እኔ ነኝ የምኖርበት አልኩት።»

ሙስጠፋ የያዘውን ጉርሻ ትሪው ላይ መለሰው። «ነገርሽው?»

«ነገርኩት።»

«እኔ ላንቺ ብዬ ሐሰት ልናገር፣ አንቺ በእግርሽ ሄደሽ…» ፊቱ ቀላ። «አለች ብል ይፈርሳል፣ የለችም ብል ይቆያል። ምን ልበል ነበር? እስኪ አንቺ ንገሪኝ። ወላሂ፣ ምን ልበል?»

ተንኮል እንዳላሰበ ታውቃለች። ሌላ ሰውም በእሱ ቦታ ቢሆን ያንኑ ይል ነበር፤ ምናልባት እሷም። የዋልልኝን ቃል ነገረችው፤ አርብ እንደሚመጣ፣ ቅጣቱን እንዳልጻፈ፣ ዕቃ ብቻ ካገኘ ፈቃድ እንደሚሰጥ። ሙስጠፋ ቀስ በቀስ በረደ። «እሺ» አለ፤ «አንድ ወር ሁለት ወር ትከራያለሽ፣ ነገሩ ሲረሳ ትመለሻለሽ። ኢንሻአላህ አግዝሻለሁ።»

«የአባዬን ክፍል ስጠኝ» አለች ሚስራ።

ከተመለሰች ወዲህ ከወንድሟ አንድ ነገር ስትጠይቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮኸባት። «እኔና ነጅሚያ ወደ ክፍሉ እንግባ። ዕቃው ወደ ላሜራው ይሂድ። ደንቡም የሚለው ይኸንኑ ነው።»

ሙስጠፋ ለመቆጣት አልቸኮለም፤ በእርግጥ አሰበበት። ዓይኑን ወደ ክፍሉ በር አዞረ፣ በሐሳቡ ጆንያውን ከዚህ ወደዚያ ሲያጓጉዝ ይታያል። ከዚያ እንደ አዋቂ ነጋዴ ራሱን ነቀነቀ።

«አይሆንም» አለ። «የላሜራው ጣሪያ ያልበዋል። ጧት ጧት ይንጠባጠባል። ስኳሩ ይረጥብብኛል።»

ሙስጠፋ ያለውን የሰማው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። የሚያስተካክልበት ቃል የሚፈልግ ይመስል ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ አላገኘም። ሚስራ አላለቀሰችም፤ ትሪው ዳር ላይ የቀረችውን አንዲት ፍሬ ምስር ትመለከት ነበር።

«ይርጠብ» አለች ዘይነብ።

ሁለቱም ቀና ብለው አዩዋት። እሷ ግን ማንንም አላየችም። እጇን ታጠበች፣ በቀሚሷ ጠርዝ አደረቀች፣ ከምስማሩ ላይ ቁልፉን አውርዳ የክፍሉን በር ከፈተች። የሳሙናና የበርበሬ ሽታ ወጣ። የፓስታ ካርቶን አቅፋ ግቢውን አቋርጣ ስትሄድ ሙስጠፋ ከተቀመጠበት አልተነሣም። ሚስራ ተከተለቻት። ሴቶቹ ሳሙናውን፣ ክብሪቱን፣ ባለ ሦስት ሊትሩን ዘይት አመላለሱ። የልብሱንና የአልጋውን ነገር ዘይነብ ራሷ ከላሜራው ቤት አወጣችው፤ የነጅሚያን ፍራሽ ስትዳስስ እርጥበቱ ላይ እጇ ለአፍታ ቆመ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ዘረጋችው። ላስቲኩን ሚስራ ልታወርደው ነበር፤ ዘይነብ «ተዪው፣ ለዕቃው ይሆናል» አለቻት። ያን ቀን ስለ ጉዳዩ የተነጋገሩት ይኸን ያህል ነው።

ሙስጠፋ ወጥቶ ወደ ሱቁ ሄደ። የከሰዓቱን የአስር ሶላት ሰግዶ ሲመለስ ክፍሉ ውስጥ የቀረው የስኳሩ ጆንያ ብቻ ነበር፤ ሴቶቹ መጎተት አቅቷቸው ትተውታል። በሩ ላይ ቆሞ አየው። የአባታቸው ጣውላ ወለል ከስንት ዓመት በኋላ ተጠርጓል፤ መርፌ የወጋቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይታያሉ። ኮቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለውና የጆንያውን አንድ ጫፍ ያዘ። ሚስራ ሌላውን ያዘች።

ግቢው መሐል ላይ ሲደርሱ፣ ፊቱን ወደ እሷ ሳያዞር፣ «እስከ መቼ ነው?» አላት።

ማኅበሩን አሰበች። ዋልልኝን አሰበች፣ የሹራቡን ክርን፣ ዘንድሮ የቀየራቸውን ሁለት ቤቶች። ሊቆጣት ፈልጎ እንዳልጠየቃት ታውቃለች፤ ማወቅ ፈልጎ ነው። እሷም ማወቅ ትፈልጋለች።

«አላውቅም ጋሼ» አለችው።

ሙስጠፋ ራሱን ነቀነቀ። ጆንያው ይከብድ ነበር፤ አንዳቸውም ግን እንረፍ አላሉም።